ደስታ ይላክልን

ያየህ፦ እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ፈረሶቹ መቼ በሉ?

አለኸኝ፦ የምን ፈረስ?

ያየህ፦ የፊልሙ። ከመነሻው እስከ መጨረሻው ይጋልባሉ። ኮርቻ አልወረደላቸው፣ ውኃ አልቀመሱ፣ አንድ እፍኝ ገብስ ሲቀርብላቸው አላየሁም።

አለኸኝ፦ ፊልም ነው እኮ ያየህ! ፊልም ላይ ፈረስ አይበላም!

ያየህ፦ ታዲያ በምን ጉልበቱ ሮጠ?

[አለኸኝ እግሩን ከስፌት መኪናው ላይ አንሥቶ ወደ ሰማይ አየ። ልብስ ሰፊ ነው፤ በረንዳው ወረታ ከተማ፣ ከጎንደር ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ተወልዶ ያደገው ግን ጎንደር ከተማ ነው፤ እዚያም አንድ ሲኒማ ቤት በር ላይ ሁለት ዓመት ቲኬት ቆርጧል። ሚስቱን ጽጌሬዳን ተከትሎ ወረታ ከገባ ወዲህ፣ በዚህ አገር ፊልም የሚያውቅ ሰው እሱ ብቻ መሆኑን አንድም ቀን ተጠራጥሮ አያውቅም። ያየህ ደግሞ የፎገራ ሜዳ ገበሬ ነው። ተፈሪ የሚባለው ጠባብ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዶበት ሊያስጥፍ መጥቶ፣ እስኪሰፋለት ጋቢውን አገልድሞ ጉቶ ላይ ተቀምጧል።

ዘመኑ ፲፱፻፷ ዓ.ም. ነው፤ ጥር ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል። በዚህ ወር የፊልም መኪና ወረታ መጥታ፣ በየቅዳሜው ጀምበር ስትጠልቅ አንድ መጋዘን ግድግዳ ላይ ነጭ አቡጀዲ እየወጠረች አራት ፊልም አሳይታለች። ዛሬ ወደ ሐሙሲት ትሄዳለች። የመኪናዋ አለቃ አቶ ማናዬ «ከአራቱ የቱ እንደበለጠ፣ የቱ እንደከፋ ሕዝቡ በጽሑፍ ይንገረኝ፤ የበለጠውን በየአገሩ አዞረዋለሁ፣ የከፋውን ወደመጣበት እመልሰዋለሁ» ብለው ነበር። መጻፉ ለአለኸኝ ተሰጠ። የገጠሩን ሰው ቃል እንዲያስገባ የተላከው ያየህ ነው። አለኸኝ ይህን ሲሰማ፣ ሐር ሊሰፋ ተዘጋጅቶ ጆንያ የመጣለት ያህል ነበር የተሰማው።]

አለኸኝ፦ ስማ። እኔ ጎንደር ሁለት ዓመት ሙሉ ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆሜያለሁ። ስንት ፊልም በፊቴ እንዳለፈ ታውቃለህ?

ያየህ፦ በሩ ላይ ስትቆም ፊትህ ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ?

አለኸኝ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) ድምፁ ይሰማል! የፊልም ዋናው ነገር ድምፁ ነው። አሁን ወደ ጉዳያችን። አንደኛ፣ የፈረሰኞቹ። ጻፍኩት።

ያየህ፦ አትቸኩል እንጂ። ያ ባርኔጣ ያደረገው ሰውዬ በአንድ ሽጉጥ አርባ ጊዜ ተኮሰ። ቆጥሬያለሁ።

አለኸኝ፦ ጀግና ነዋ!

ያየህ፦ ጀግንነቱስ ይሁን፤ ጥይቱን ማን ያጎርሰዋል? ደግሞ ያን ሁሉ ሰው ሲጥል አንድ ቀባሪ አልመጣም። እናት የላቸውም? ጎረቤት የላቸውም?

አለኸኝ፦ ቀብሩንማ ቢያሳዩህ ፊልሙ ተዝካር ድረስ ይሄድልህ ነበር!

ያየህ፦ ከብቱስ? ሺህ ከብት በረሃ ለበረሃ ሲነዱ አንዲት ላም አልታለበችም። ጥጃ የለ። ስም እየጠራ የሚያባብል የለ። አይ፣ ያ ሰውዬ የከብቱ ባለቤት አይደለም። ሰርቆ ነው።

አለኸኝ፦ እሱ እኮ ነው ዋናው ሰው!

ያየህ፦ ዋናው ሌባ።

አለኸኝ፦ (ለራሱ) ከእነዚህ ሰዎች ይልቅ ላሞቹን አስቀምጠው ቢያሳዩ ይሻል ነበር። (ጮክ ብሎ) እሺ፣ የጉድጓዱስ? ሽንት ቤት ሲቆፈር አሳዩን። ያን ሁሉ ሰዓት የአንድ ሰው ጀርባ! ይቆፍራል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ ይቆፍራል። ጎንደር ቢሆን ሕዝቡ ወንበር ይወረውር ነበር።

ያየህ፦ ሰውዬው አቆፋፈሩን ያውቅበታል። ነገር ግን ደረቅ መሬት ላይ ሆኖ ነው የጎለበተው። ነሐሴ ላይ ሜዳችን ውኃ ሲተኛበት ይምጣና ይቆፍር።

አለኸኝ፦ ቢቆፍርስ?

ያየህ፦ ጉድጓዱ ከነባለቤቱ ጣና ይገባል።

አለኸኝ፦ የመርከቡንስ እንዴት አየኸው?

ያየህ፦ ተኛሁ።

አለኸኝ፦ ተኛህ! ባሕር የሚያህል ነገር አምጥተውልህ ተኛህ!

ያየህ፦ እኔ ምን ላድርግ፣ መርከቡም ቆሞ ነበር።

[አለኸኝ ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰክቶ ተነፈሰ። አሥር ጊዜ ለማስረዳት ሞከረ፤ አሥር ጊዜ ከበሬ ጋር የተነጋገረ መሰለው። ከዚህ ሰው ጋር አንድ ወረቀት ላይ ስሙ መዋሉ ራሱ ከነከነው።]

አለኸኝ፦ ይኸውልህ፣ በከፋው ላይ ግን እንስማማለን። ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ ያንን አይስትም። «ደስታ» የተባለው።

ያየህ፦ እንዴ! እሱማ የበለጠው ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እሱን አስጽፍ ብሎ ነው የላከኝ።

አለኸኝ፦ የቱን? የሦስተኛውን ቅዳሜ?

ያየህ፦ አዎ፣ ደስታን።

አለኸኝ፦ ያየህ፣ ምን ነካህ? ስሙን በር አሳክለው «ደስታ» ብለው ጻፉ። እኔም ኩታዬን አስተካክዬ ተቀመጥኩ። አሁን ሠርግ ይመጣል፣ አሁን እስክስታ ይወርዳል ስል ላም ወደቀች። ቆይቶ ሌላዋ ወደቀች። ዓይኗ ያለቅሳል፣ ለሃጯ ይዝረበረባል...

ያየህ፦ እንደሱ ነው ደስታ።

አለኸኝ፦ ምን አልክ?

ያየህ፦ ደስታ ሲገባ እንደሱ ነው። መጀመሪያ ዓይን ያለቅሳል።

አለኸኝ፦ (በንቀት እያየው) አንተ ቤት ደስታ ሲገባ ይለቀሳል?

ያየህ፦ እኔ ቤትስ ገብቶ አያውቅም። የጣራ ገዳሙን ታቦት! ወደፊትም አይግባ። አያቴ ቤት ነው የገባው። ዐሥራ ስድስት ከብት ከነበረበት በረት አንዲት ጊደር ቀረችለት።

አለኸኝ፦ ከደስታው ብዛት ሁሉንም አርዶ አበላ?

ያየህ፦ ማን ይበላዋል! ጅቡ ራሱ ጠግቦ ትቶት ሄደ ነው የሚሉት። አያቴ ከዚያ ወዲያ ደስታ ሲባል ያነባ ነበር።

አለኸኝ፦ (ለራሱ) ዘሩ ነው። ከአያቱ ነው የመጣበት።

ያየህ፦ ፊልሙ ላይ መድኃኒቱንም አሳዩን አይደል? መርፌውን አላየኸውም?

አለኸኝ፦ አየሁት! ከሁሉ ያበሸቀኝ እሱ ነው። እኔ በቀን መቶ ጊዜ መርፌ የምይዝ ሰው ነኝ። ነጭ ካፖርት የለበሰው ሰውዬ ላሚቷን አንገቷ ላይ ሊሰፋት መርፌ ይሰካል፤ መርፌው ክር የለውም! ክር በሌለው መርፌ ቆዳ የሚሰፋ የት አገር አየህ?

ያየህ፦ ሊሰፋት ነው እንዴ? ድምፅ ማጉያው ሌላ ነገር ይል ነበር መሰለኝ። በደንብ አልሰማነውም፤ አንተ ከኋላ እያስረዳኸን ነበር።

አለኸኝ፦ ባላስረዳችሁ ምን ይገባችሁ ነበር!

ያየህ፦ እሱስ ልክ ነህ። ብቻ ጭቃ ሹሙ ሐሙስ ዕለት «ስለ ደስታ ከብት ያለው ሁሉ ከብቱን ሜዳ ያውጣ» ብሎ ሲያስለፍፍ ዐሥራ አንዱንም ነድቼ ሄድኩ።

[አለኸኝ ብዕሩን ከጆሮው ላይ አውርዶ ሳቀ፤ የስፌት መኪናው ጠረጴዛ እስኪነቃነቅ ሳቀ።]

አለኸኝ፦ ዐሥራ አንዱንም! አይ ያየህ! እኔ ልፈፋውን ገና ስሰማ ገብቶኛል። ደስታ አለ ማለት ግብዣ አለ ማለት ነው፤ ትልቅ ሰው ሊመጣ ነው፤ ለእርድ ከብት ይፈለጋል። ወዲያው የጽጌሬዳን ላም አስነድቼ ወንድሟ ጋ፣ አንበሳሜ ሰደድኳት። በማጫ የመጣች ላም ናት፤ ለማንም ሆዳም የማበላት መሰለህ?

ያየህ፦ አንበሳሜ? ላሟ አልተወጋችም?

አለኸኝ፦ ማን አባቱ ይወጋታል! ያንተዎቹስ?

ያየህ፦ ዐሥራ አንዱንም ወጓቸው።

አለኸኝ፦ (በሐዘኔታ) አይዞህ። ለመታለል የመጀመሪያው ሰው አይደለህም።

ያየህ፦ ኧረ እኔ ደስ ብሎኛል። ትንሽ አበጥ አደረጋቸው እንጂ ማታውን ሣር በሉ።

አለኸኝ፦ ተወግተው ሣር በሉ... ተወው፣ ተወው ያየህ። አቶ ማናዬ ሊመጡ ነው፤ ልጻፍ።

[አለኸኝ አጎንብሶ ጻፈ። ጎንደር የተማረውን ጽሕፈት ሁሉ አወጣው፤ አራት ነጥቡን እንደ ቁልፍ እየደረደረ ጻፈ። ሲጨርስ ወረቀቱን ዘርግቶ እንደ ዲያቆን ቆመ።]

አለኸኝ፦ ስማ እንግዲህ። «በዚህ ወር ከታዩት ፊልሞች ውስጥ አንደኛ ሆኖ የተመረጠው የፈረሰኞቹ ነው። ከሁሉ የከፋውና የማይረባው ደስታ የተባለው ነው። በስሙ ደስታ ይባል እንጂ በውስጡ ደስታ የሚባል ነገር አልተገኘበትም። የወረታና የፎገራ ሕዝብ ደስታ ወዳድ ነው። ስለዚህ ይህ ፊልም ቀርቶ እውነተኛ ደስታ ይላክልን...»

ያየህ፦ (ከጉቶው ተነሥቶ) ምን ይላክልን?

አለኸኝ፦ ደስታ! ዝም ብለህ ስማ። «የሚላከውም ደስታ ለከተማው ብቻ ሳይሆን በየገጠሩ ይዳረስ፤ በየቤቱ ይግባ።»

ያየህ፦ አለኸኝ! ወንድምዓለም! ምን አደረግንህ?

አለኸኝ፦ ምን ሆንክ?

ያየህ፦ በየቤቱ ይግባ? አንተ ከሰው ተወልደህ በየቤቱ ይግባ ብለህ ትጽፋለህ? የተጣፈው ሱሪ ይቅርብኝ፤ ወረቀቱን ቅደደው!

አለኸኝ፦ ካልፈለግህ ያንተ ቤት አይግባ! ማን አስገደደህ?

ያየህ፦ አይግባ! ጻፍልኝ! ያየህ ቤት አይግባ ብለህ ጻፍ!

አለኸኝ፦ (እየሳቀ ይጽፋል) «ከያየህ... ቤት... በስተቀር።» ይኸው። ጤና ይስጥህ።

ያየህ፦ የእነ ካሰችም ቤት አይግባ። ባል የሞተባት ሴት ናት፤ ሁለት በሬ ነው ያላት።

አለኸኝ፦ ባል የሞተባትማ ይበልጥ ያስፈልጋታል!

ያየህ፦ አይግባ ብዬሃለሁ! የማንጠግቦሽም። የአበረም። የአያ ውባየሁም።

አለኸኝ፦ (እየጻፈ) ይህ ሁሉ ሰው ደስታ ይጠላል?

ያየህ፦ ከሕፃንነታችን ጀምሮ።

አለኸኝ፦ ታዲያ ለማን ይላክ?

ያየህ፦ ለሚፈልገው!

አለኸኝ፦ እኔ እፈልገዋለሁ! የእናንተም ድርሻ ለእኔ ይሁን። (ጮክ ብሎ እያነበበ ይጽፋል) «እነዚህ ሰዎች ስለማይፈልጉት፣ ጠቅላላው ደስታ ለአለኸኝ ቤት ይሰጥ።»

ያየህ፦ (ድምፁ ዝቅ ብሎ) ጽጌሬዳ ታውቃለች?

አለኸኝ፦ ምን ታውቃለች! ሲመጣ ታየዋለች።

[የፊልሟ መኪና አቧራዋን እያስነሣች መጥታ በረንዳው ፊት ቆመች። አቶ ማናዬ ወረዱ። ከኋላቸው ወሬ የሚወድ ሰው እየተጠራቀመ በረንዳውን ከበበው። አለኸኝ ወረቀቱን በሁለት እጁ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሰጠ።]

አለኸኝ፦ ይኸው ጌታዬ። ከባለሙያ እጅ የወጣ ነው።

አቶ ማናዬ፦ እግዜር ይስጥልኝ። (ያነባሉ። ቅንድባቸው ይነሣል። እንደገና ከላይ ጀምረው ያነባሉ።) አቶ አለኸኝ፣ ይህን እርስዎ ነዎት የጻፉት?

አለኸኝ፦ እኔው ነኝ፣ ጌታዬ።

አቶ ማናዬ፦ «እውነተኛ ደስታ ይላክልን» ይላል።

አለኸኝ፦ አዎ። የይስሙላ ሳይሆን።

አቶ ማናዬ፦ «ጠቅላላው ለአለኸኝ ቤት ይሰጥ»ም ይላል።

አለኸኝ፦ ሌሎቹ ስላልገባቸው ነው እንጂ...

[ከተሰበሰበው ሰው አንዱ ሳል ያዘው። ሌላው ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። አንዲት ሴት «ኧረ በስመ አብ!» ብላ ወደ ኋላ ሸሸች። አለኸኝ ሰውን ሁሉ አየ፤ የሚስቅም የሚያማትብም አለ፤ አንድም የሚያደንቅ የለም።]

አቶ ማናዬ፦ አቶ አለኸኝ፣ ከብት አርብተው ያውቃሉ?

አለኸኝ፦ እኔ የከተማ ልጅ ነኝ።

አቶ ማናዬ፦ እንግዲያስ አልፈርድብዎትም። ደስታ እኮ የበሽታ ስም ነው። የከብት በሽታ። በረት ከገባ ጠርጎ ነው የሚወጣ። ፊልሙ ስለ እሱ ነው። መርፌውም የእሱ መከላከያ ነው፤ ሐሙስ ዕለት እዚህ ሜዳ ላይ ከብቱን ሁሉ ሐኪሞች የወጉት ለዚያ ነው።

[ያን ጊዜ ሳቁ ፈነዳ። አለኸኝ ግን አልሰማውም። በሆዱ ውስጥ ነገሮች አንድ በአንድ ቦታቸውን ያዙ፦ ዓይኗ የሚያለቅሰው ላም፣ ክር የሌለው መርፌ፣ የያየህ አያት በረት። መጨረሻ ላይ የመጣችበት አንበሳሜ ናት። የስፌት መኪናው ወንበር ላይ ቁጭ አለ።]

አለኸኝ፦ አንበሳሜ ያለ ከብት... ተወግቷል?

አቶ ማናዬ፦ ገና ነው። ሐኪሞቹ ነገ ጠዋት ሐሙሲት ላይ ነው የሚወጉ፤ የአንበሳሜም ሰው ከብቱን ወደዚያ እንዲነዳ ተነግሮታል። እንዲያውም ከዚያ በታች ደስታ ታየ የሚል ወሬ ሰምተናል፤ የምንቸኩለው ለዚያ ነው።

[አለኸኝ ያየህን አየው። ሲንቀው የዋለበት ዓይን አሁን ይለምን ነበር።]

አለኸኝ፦ ያየህ... ትተርፍ ይሆን?

[ያየህ በዚህ ሰው ላይ ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ ላሟን ሲያስብ ግን ተወው።]

ያየህ፦ ስትደርስ መጀመሪያ ዓይኗን እይ። ደረቅ ከሆነ ጊዜ አለህ። ከሌላ ከብት ጋር አንድ ገንዳ አታጠጣት። ዛሬውኑ ሂድ፤ ሌሊቱን እዚያ ሁንና ጎህ ሳይቀድ ንዳት።

አቶ ማናዬ፦ እስከ ሐሙሲት በመኪናዋ እወስድዎታለሁ። ከዚያ ወዲያ በእግርዎ ነው።

አለኸኝ፦ (ቀስ ብሎ) እግዜር ይስጥልኝ።

አቶ ማናዬ፦ ሳንሄድ ግን ወረቀቱ ይስተካከል። (ሌላ ወረቀት አውጥተው ለአለኸኝ ይሰጣሉ) እርስዎ ይጻፉ። አቶ ያየህ ይናገሩ።

ያየህ፦ እኔ? እኔ ስለ ፊልም ምን አውቃለሁ?

አቶ ማናዬ፦ ይሁን፣ ይናገሩ። የበለጠው የቱ ነው?

ያየህ፦ ደስታ። በየአገሩ ይዙርልን። ሰው ይየውና ከብቱን ሳይደብቅ ያውጣ።

[አለኸኝ ጻፈ። «ሳይደብቅ» የምትለዋን ቃል ሲጽፍ ብዕሩ ወረቀቱን ወጋው።]

አቶ ማናዬ፦ የከፋውስ?

ያየህ፦ (አለኸኝን አየት አድርጎ) ከእርስዎ ፊልም የከፋ የለም ጌታዬ። የከፋው የኋለኛው ነው።

አቶ ማናዬ፦ የምን የኋለኛ? እኔ አራት ብቻ ነው ያመጣሁ።

ያየህ፦ እርስዎ ከፊታችን አቡጀዲው ላይ ሲያሳዩን፣ አለኸኝ ደግሞ ከኋላችን በአፉ ሌላ ፊልም ያሳየን ነበር። እሱን ነው የምለው። ይጻፍ።

[ሰው ሁሉ ወደ አለኸኝ ዞረ። አለኸኝ አጎንብሶ፣ ፊደሉን ሳያበላሽ፣ «ከሁሉ የከፋው አለኸኝ ያሳየው ነው» ብሎ ጻፈና አራት ነጥብ አደረገበት።]

አቶ ማናዬ፦ (ሳቃቸውን ውጠው) የከፋውን ወደመጣበት እመልሳለሁ ብዬ ነበር። ይህን ግን ወዴት ልመልሰው?

ያየህ፦ አይመልሱት ጌታዬ። ይዘውት ሐሙሲት አይደል የሚሄዱ? እዚያ ያሳዩት። እኛ አይተን ጠግበናል።

[አለኸኝ ሰው እየሳቀበት መኪናዋ ላይ ወጣ። ያን ዕለት ማታ አንበሳሜ ሲደርስ የላሟ ዓይን ደረቅ ነበር። በማግሥቱ ሐሙሲት ላይ ከተሰበሰበው ከብት ሁሉ ፊት ቀድሞ ቆመ፤ ሐኪሙ መርፌውን ሲሰካ ቀንዷን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። አጠገቡ የነበሩ ገበሬዎች «ይህ ነገር ምንድን ነው? ምን እያደረጓት ነው?» ብለው ጠየቁት። አለኸኝ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ መልሶ ዘጋውና በአገጩ ወደ ሐኪሙ አመለከታቸው።]